የአምስተኛዋ ተሰላፊ ሽምግልና

ሴት ልጅ በስድሳ ስምንት ዓመቷ ስለ ቅርጫት ኳስ ትጸጸታለች ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሰው የሚጸጸተው ሳይገዛው ባለፈው መሬት፣ ሳያስበው በሸጠው ቤት፣ ቢበዛ ቢበዛ ባልተመለሰ ሰላምታ ነው። እኔ ግን ይኸው ሸማ ተራ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ነጠላ እያጣጠፍኩ፣ ስለ አንዲት ኳስ ሆዴን ይበላኛል። ኳሷ ደግሞ የእኔ አይደለችም።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መደመርና መቀነስ አውቃለሁ፤ ማካፈል ሊጀመር ሲል አባቴ ከትምህርት ቤት አስወጣኝ። የእኛ መደዳ ሰው ይህን ያውቃል፤ ግን የሚካፈል ነገር ሲመጣ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚሮጠው። በበዓል ሰሞን በረንዳው ላይ ማን የት እንደሚዘረጋ በክንዴ የምለካው እኔ ነኝ። ክንዷ አጭር ነው ብለው የሚያሙኝ አሉ። አጭር ነው፤ ግን ለሁሉም እኩል አጭር ነው። ሁለት ነጋዴ ሲጣላ፣ ሁለት ምራት ሲኳረፍ፣ ሁለት ተሸካሚ በአንድ ጭነት ሲናቆር፣ «እማማ ይዩት» ይባላል። ሽምግልና የወንድ ነው ይሉ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ዛሬ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊቴ ይቆማሉ። እንግዲህ ሰው እንዲህ ሲከበር ትንሽ ትንሽ ያብጣል። እኔም አብጬ ነበር።

ባበጥኩበት ወቅት ነው ሳምሶን የመጣው። ሳምሶን ልብስ ሰፊ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ በዘይነባ ሱቅ አንድ ጥግ ላይ መኪናውን ተክሎ የሀበሻ ቀሚስ ይሰፋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከመደዳችን ጀርባ ባለው የትምህርት ቤት ሜዳ የሰፈሩን ሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ያሠለጥናል። ያን ዕለት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ ከፊቴ ቆመ።

«እማማ፣ ጉድ ሆኛለሁ።»

«ቀሚስ አቃጠልክ?»

«ኧረ የቀሚስ አይደለም! የሚመጣው ሳምንት እሁድ የሰፈሮች ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። አራት ቋሚ ተሰላፊ ለይቻለሁ። አምስተኛዋ አልለይ አለችኝ።»

«እነማን ናቸው?»

«ሀያትና ማክዳ።»

ሀያት የዘይነባ ልጅ ናት። ማክዳ የእኔ የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ሀዋሳ ስለምትሠራ ያደገችው እኔ ጋ ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለቱ ልጆች በሁለቱ ሱቆች መካከል እየተመላለሱ ነው ያደጉት። ልጅ ሆነው አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ታለቅስ ነበር።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለ ሳምሶን። «ሀያት ከገባች እናገባለን። ማክዳ ከገባች አይገባብንም። አንዷ አጥቂ፣ አንዷ ተከላካይ።»

«ታዲያ ሁለቱም ይግቡ።»

«ስድስት ይሆናሉ፣ እማማ። ሕጉ አምስት ነው።»

«ሕጉን ሲያወጡ ከእኛ ሰፈር ማንን ጠየቁ?»

ይህን ዛሬም ድረስ የመለሰልኝ የለም።

«እሺ፣ አንዴ አንዷ አንዴ ሌላዋ ትግባ» አልኩት።

«የሚጀምሩት ናቸው ስማቸው በማይክ የሚጠራው፣ ሕዝቡ ቆሞ የሚያጨበጭብላቸው። ሁለቱም ስማቸው እንዲጠራ ነው የሚፈልጉት። ሀያትን ባስቀምጥ እናቷ አለች፤ የምሰፋበትን ጥግ የሰጠችኝ እሷ ነች። ማክዳን ባስቀምጥ ደግሞ እርስዎ አሉ።»

«እኔ ምን አደርግሃለሁ?»

ሜትሩን እየጠቀለለ መሬት መሬት አየ። አበገነኝ። ለካ እኔንም ከሚፈሩት ወገን ቆጥሮኛል! እዚህ ላይ አንዲት አስተዋይ ሴት ብትሆን «ልጅቷ የእኔ ናት፤ እኔን አያገባኝም፤ ሂድ ሌላ ሰው ጠይቅ» ትል ነበር። እኔ ግን «ይህ ነገር በሽማግሌ ይታያል!» ብዬ ተነሳሁ። ስነሳ ጉልበቴ ቀጭ አለ። መስማት ነበረብኝ።

ሽማግሌ ሁለት መረጥኩ፤ ከእኔ ጋር ሦስት። አንዱ ጋሼ ተክሌ ናቸው፤ እህል በረንዳ ጤፍ ያከፋፍላሉ፤ ከሽፋሽፍታቸው ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም። ሌላው ሀጂ ሸምሱ ናቸው፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ይሸጣሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሁሉ ያስነጥሰዋል። ሁለቱም በዕድሜያቸው ኳስ ነክተው አያውቁም። ይህን እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩት፤ የማያውቅ ሰው አያዳላም ብዬ።

ሳይታይ አይፈረድምና ቅዳሜ ልምምዱን ለማየት ሄድኩ። ከሜዳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያየሁት ቅርጫቱን ነው፤ ታች የለውም። እንዲህ ያለ ቅርጫት መርካቶ ውስጥ ለማንም አይሸጥም፤ ልጆቹ ግን ሊሞቱለት ነው። አንዲትን ኳስ አሥር ልጅ ያባርራታል። ሳምሶን እየሮጠ ይጮሃል እንጂ የሚቆጥር የለም። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ወረቀት አልያዝኩም፤ የነጠላዬን ዘርፍ እየቋጠርኩ ቆጠርኩ። ሀያት ኳስ ባስገባች ቁጥር በቀኝ ጫፍ አንድ ቋጠሮ፤ ማክዳ ከተቃራኒ እጅ ኳስ በነጠቀች ቁጥር በግራ ጫፍ አንድ ቋጠሮ።

ሀያት ስትወረውር ደስ ትላለች፤ ኳሷ ከእጇ ስትወጣ ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ማክዳን ግን ማየት ሌላ ነው። ጎንበስ ትላለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ ልጅቷ ወደ ቀኝ ስትል እዚያ አለች፣ ወደ ግራ ስትል እዚያ አለች። ከዚያ ኳሷ ከማክዳ ጋር ነች። መቼ እንደወሰደችው አይታይም። ማንም አያጨበጭብላትም፤ ያልገባ ኳስ ምኑ ይጨበጨብለታል?

ለእረፍት ስትመጣ ውሃ ሰጠኋት። እጄ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች አየች።

«የቀኙ የማን ነው?»

«የሀያት።»

«የግራውስ?»

«የአንቺ» አልኳት።

በዓይኗ ቆጠረችና ፈገግ ብላ ሮጠች። ልምምዱ ሲያልቅ በቀኝ ስድስት፣ በግራ ዐሥራ አንድ ሆነ።

ሐሙስ ከሰዓት ሱቄ ደጃፍ ተቀመጥን። እኛ ሦስታችን በጋቢ እስር ላይ፤ ሳምሶን ቆሞ፤ ሁለቱ ልጆች ከነዩኒፎርማቸው ትከሻ ለትከሻ። መደዳው በሙሉ ሥራ ፈቶ ከበበን። ዘይነባ ሱቋ በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

ጋሼ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አርባ ዓመት እህል ስነግድ ገዢ አጥቼ አላውቅም። የጎዳኝ አይጥ ነው። ከፊት ሸጣለሁ፣ ከኋላ አይጥ ይበላል። ስለዚህ እኔ የምለው፣ የምትጠብቀዋ ትግባ።»

«ጋሼ ተክሌ» አሉ ሀጂ፣ «ገዢ ባይመጣ እርስዎም አይጡም እዚያው እህሉ ላይ ትሻግታላችሁ። እኔ በርበሬዬን ቀኑን ሙሉ ብጠብቀው ማታ ምን ይዤ ልገባ ነው? የምታገባዋ ትግባ።»

«በርበሬን ማን ይሰርቀዋል፣ ሀጂ? ሌባው ራሱ እያስነጠሰ ይያዛል!»

ሰው ሳቀ። በዚህ የተነሳ ስለ አይጥና ስለ በርበሬ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ስለ ምስጥ ተነሳ። ልጆቹ ተረሱ። በመጨረሻ አንድ ለአንድ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ።

እንግዲህ ማስረጃው ትከሻዬ ላይ ነው። ሁለቱን የነጠላ ጫፎች ዘርግቼ «ቁጠሩ» ብል አበቃ። ልዘረጋም እጄን አንስቼ ነበር። ይኼኔ ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ፤ «የራሷን ልጅ ነው የምታስገባው፣ ታያለሽ።»

ይህች ሴት ማን እንደሆነች እስካሁን አላወቅሁም። ባውቃት ምን እንደማደርጋት ግን አውቃለሁ።

ደሜ ፈላ። እኔ ነኝ የማዳላ? እኔ! የግራውን ጫፍ ጠቅልዬ በብብቴ ሥር ወሸቅሁት። የቀኙን ዘርግቼ «እነሆ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሀያት ስድስት ጊዜ አግብታለች። ሀያት ትጀምር!» አልኩ።

ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው አጨበጨበ። ማክዳ ሀያትን አላየቻትም፤ ሳምሶንንም አላየችውም። ብብቴን ነው ያየችው።

«እማማ፣ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ነው ወይስ...» ብሎ ጠየቀ ሳምሶን።

«ፍርድ ግማሽ አለው እንዴ? እስከ መጨረሻ ነው! የሽማግሌ ቃል የሚሽር ማንም የለም!» ብዬ ሦስታችንንም አስማማሁ፤ እሱንም «እሺ» አስባልኩት። ምላሴን እዚያው በነከስኩት ኖሮ።

እሁድ ሜዳው ሞልቷል። የአምስቱ ስም በማይክ ተጠራ፤ ለሀያት ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ማክዳ ተቀያሪ ወንበር ላይ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ተጋጣሚዎቹ አንዲት ረጅም ልጅ ይዘው መጥተዋል፤ ልጅ ልበላት እንጂ የመብራት ምሰሶ ናት። ሀያት አንድ ስታገባ ምሰሶዋ ሁለት ታገባለች። ሀያት ትሮጣለች፣ ትወረውራለች፣ ታገባለች፤ ዞር ሳትል ምሰሶዋ እዚያ ማዶ አግብታ ጨርሳለች። የሚይዛት የለም።

አላስቻለኝም። ተነስቼ ወደ ሳምሶን ሄድኩ።

«ማክዳን አስገባት!»

«እንዴት አድርጌ፣ እማማ? የሽማግሌ ቃል አይሻርም ብለውኛል እኮ!»

«እኔ ነኝ ያልኩት! እኔው ልሻረው!»

«እርስዎ አንድ ነዎት፤ የፈረዱት ሦስት ናችሁ። ብቻዎን ከሻሩት ነገ ዘይነባ መኪናዬን መንገድ ላይ ነው የምታወጣው።»

እውነቱን ነው። እረፍት ሲሆን ፍርዱን እንድንከልስ ሽማግሌዎቹን ፍለጋ ሮጥኩ። ጋሼ ተክሌን ቆሎ ሲቆረጥሙ አገኘኋቸው።

«ቶሎ፣ እንሰብሰብ! ፍርዱ ይከለስ!»

«ሀጂስ?»

«የት አሉ?» አልኩ።

«ለቀትሩ የዙህር ሶላት አንዋር ሄደዋል። ሦስታችን ሳንሟላ አንድ ነገር አንነካም። ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

ሰው ያስተማረው ነገር እንዲህ ተመልሶ ሲመጣበት አያምርም። አንድ ልጅ ሀጂን እንዲጠራ ላክሁ፤ መንገዱ በመኪናና በጋሪ ተዘግቷል። በዚህ መሀል ሀያት ላቧ እየተንጠፈጠፈ ወደ ሳምሶን መጣች። «እኔን አውጣና ማክዳን አስገባት፤ ያቺን ልጅ የምትይዛት እሷ ብቻ ናት» አለችው። አስቡት! ልጅቷ ራሷ ቦታዬን ውሰዱልኝ ትላለች፣ አሠልጣኙ ይፈልጋል፣ እኔ እለምናለሁ፣ ግን ፍርድ አለ። የፈረድኩት እኔ ነኝ።

ሀጂ እያለከለኩ ሲደርሱ የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። በሦስት ነጥብ ተሸነፍን። ሀያት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ማክዳ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና ፎጣዋን ሰጠቻት። ፎጣው ደረቅ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምን ያልባታል?

ወደ ቤት ስንመለስ በርጩማዬን ማክዳ ተሸከመችልኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። «ውሃ ላምጣልዎት?» አለችኝ። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አንቺ ስትለኝ የኖረች ልጅ «ላምጣልዎት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስገባ ብድግ ትላለች፣ ስጠይቃት «አቤት» ትላለች፣ ሲመሽ «ደህና ይደሩ» ብላ ትተኛለች። ጎረቤት «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይላል። ጨዋነቷ እንቅልፍ ነሳኝ።

መርካቶ ደግሞ በሌላ በኩል አላስቀምጥ አለኝ። ወሬው በመደዳው ዞረ፤ «ለልጅ ልጇ እንኳ አላዳላችም!» ከማላውቀው ተራ ሁሉ ሰው ክሱን ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዱ ከጫማ ተራ ድረስ መጥቶ እጄን ሳመና «እንደርስዎ ያለ እውነተኛ ዳኛ ድሮ ቀረ» አለኝ። እጄን ነጠቅሁት። ምስጋናው በበዛ ቁጥር ብብቴ ያሳክከኛል። ነጠላውን አላጠብኩትም፤ ቋጠሮውን አልፈታሁም። ዐሥራ አንድ ነው። ሌሊት ተነስቼ ስቆጥረውም ዐሥራ አንድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌዎቹን ጠራኋቸው።

«ዛሬ ከሳሽ ማን ነው?» አሉ ጋሼ ተክሌ።

«ማንም አልከሰሰም። ተከሳሿ እኔ ነኝ። ማክዳን በድያታለሁ፤ ሄዳችሁ አስታርቁኝ።»

«ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሽማግሌ ሊላክ?» አሉ ሀጂ።

«ስበድላት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አልነበረችም?»

ረቡዕ ማክዳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱ ሰዎች ቤታችን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሀጂ አንድ ፌስታል ተምር ይዘዋል። ብድግ ልትልላቸው ስትል «አይ፣ አንቺ ቁጭ በይ፤ ዛሬ ተበዳይ ነሽ» አሏት። በዳይ ይቆማልና እኔ ቆምኩ። ነጠላውን ሁለቱን ጫፍ ዘርግቼ መሬቱ ላይ አነጠፍኩት። ሀጂ ጎንበስ ብለው ቆጠሩ፤ አላመኑም፣ ደግመው ቆጠሩ።

«ዐሥራ አንድ ለስድስት!» ብለው ጋሼ ተክሌ ጮኹ። «ይህን ብብትዎ ውስጥ ይዘው ነው እኔን ስለ አይጥ ያስለፈለፉኝ? ረትቼ እኮ ነበር!»

«ጋሼ ተክሌ፣ የመጣነው ለእርስዎ አይደለም» አሉ ሀጂ።

ማክዳ ነጠላውን አየችና ወደ እኔ ቀና አለች። «ለምን ደበቅሽው?»

«ሰው አዳላች እንዳይለኝ።»

«እኔስ ምን እንድል ነበር?»

ስንቱን ባለጉዳይ «መልስ!» ብዬ የጮህኩ ሴት፣ ጎንበስ ብዬ የነጠላውን ጫፍ ማቃናት ጀመርኩ።

«ልጄ፣ እንግዲህ አያትሽ አጥፍተዋል፤ ካሣውን አንቺ ተናገሪ» አሉ ሀጂ። እኔ ጫማ ትለኝ ይሆናል ብያለሁ፤ የስፖርት ጫማዋ ጎኑ ተተርትሯል። ከሸማው ሁሉ የወደደችውን ብትል ልሰጣት ተዘጋጅቻለሁ።

ብዙ አሰበች። «እሁድ ከእነዚያ ልጆች ጋር ደግመን እንጫወታለን። ዋንጫ የለውም። ሳምሶን በራሱ አምስተኛዋ አንቺ ነሽ ብሎኛል፤ ስሜ ይጠራል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ አንቺ እንዳትመጪ።»

«ከበር ላይ ሆነው እንኳ አይዩ?» አሉ ሀጂ፣ በቅመም ዋጋ እንደሚከራከሩ ሁሉ።

«ከበርም አይሆንም። አንድ ጨዋታ ነው። እኔም አንድ ጨዋታ ነው የተቀመጥኩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሚነቀፍ ነገር አጡበት። እኔም አጣሁበት፤ እኩል ለእኩል ነው፤ በክንዴ ብለካው አይዛነፍም። «ተቀብያለሁ» አልኩ። ከዚያ ተምር በላን፤ ማክዳ ትልቁን መርጣ ለእኔ ሰጠችኝ። ፍርዷን ግን አላቀለለችም።

እሁድ እኔ ሱቅ አልከፍትም። ያን ዕለት ከፈትኩ፤ ቤት ብቀመጥ እግሬ ብቻውን ይሄዳል ብዬ። መደዳው ሁሉ ተዘግቶ ሰዉ ሜዳ ነው። ዘይነባ የሀያትን ውሃ ይዛ ስታልፍ «አይሄዱም እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ። «ሥራ አለኝ» አልኳት። አንድ ጋቢ አጣጠፍኩ። ፈትቼ ደግሜ አጣጠፍኩት።

ሜዳው ከመደዳው ጀርባ ስለሆነ ድምፁ በሱቄ የኋላ ቆርቆሮ ዘልቆ ይመጣል። ማይኩ ስም ሲጠራ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ አንድ አይሱዙ እየጮኸ አለፈና ሸፈነው። ጨዋታው ተጀመረ። ሕዝቡ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ይጮሃል። ኳስ ሲገባ ሰው እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ። ኳስ ሲነጠቅስ? ልለይ ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋሁ፤ አልለይ አለኝ።

አንድ ትልቅ ጩኸት መጣ። ጋቢው ከጭኔ ላይ እስኪወድቅ ብድግ አልኩ። ወደ ሜዳው አቅጣጫ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።